ማስጠንቀቂያው ለማን ደረሰ?



በአንድ ረመዷን ሦስተኛ ቀን አንዲት እህታችን ለጀመዓው የቴክኖሎጂ ክፍል አጭር መልእክት ላከችልን። «የላካችሁት የሰዓት ሰሌዳ የፈጅርን ሰዓት ከመስጂዱ አዛን 12 ደቂቃ ያህል አዘግይቶ ነው የሚያሳየው። የትኛውን እንያዝ?» የሚል ነበር።

ጊቢ ውስጥ የምንኖረው ልዩነቱን ልብ አላልነውም። የሰፈሩ መስጂድ አዛን በደንብ ስለሚሰማን፣ አዛን ሲባል እጃችንን ከምግቡ እናነሳለን፤ ሰሌዳ የሚያይ የለም። እህታችን ግን ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ከፍ ብሎ ወደ እንጦጦ ጫካ ጥግ ቤት ተከራይተው ከሚኖሩት ተማሪዎች አንዷ ናት። እዚያ ነፋስ ካላመጣው በቀር አዛን አይሰማም። ሱሑራቸውን የሚያቆሙት እኛ በቴሌግራም በምንልከው ሰሌዳ ነው። ያን ዕለት ነፋሱ አዛኑን ባያመጣላት ኖሮ ስህተቱ ስንት ቀን እንደሚቆይ አላህ ነው የሚያውቀው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ስህተት ከየት እንደመጣ ማስረዳት ነው። ነገሩ የኮምፒውተር ተማሪዎችን ብቻ የሚመለከት ሊመስል ይችላል። ግን ማስጠንቀቂያ ምን ሲሆን ነው ማስጠንቀቂያ የሚባለው የሚለው ጥያቄ ለሁላችንም የሚሆን ይመስለናል።

የሆነው ምን ነበር?

ሰሌዳውን የሚያወጣው እኛው የጻፍነው ትንሽ የፓይተን ፕሮግራም ነው። የሰዓቱን ስሌት ግን እኛ አልጻፍነውም። ሌላ ሰው አዘጋጅቶ በነጻ ከለቀቀው ላይብረሪ የምንወስደው ነው። ዛሬ ሶፍትዌር የሚሠራው በአብዛኛው እንዲህ ነው፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ይጠቀምበታል፣ በዚያ ላይ ደግሞ ሌላው ይጨምርበታል። እንዲህ ተዘጋጅቶ፣ ስምና የቨርዥን ቁጥር ተሰጥቶት፣ ማንም አውርዶ እንዲጠቀምበት የሚቀመጠው ሥራ ፓኬጅ ይባላል።

ፈጅር የሚገባው ጎህ ሲቀድ ነው። በስሌት ሲሠራ ጎህ የሚለካው ፀሐይ ከአድማስ በታች ባለችበት ማዕዘን ነው። የዓለም ሙስሊም ሊግ የሚጠቀመው ማዕዘን 18 ዲግሪ ሲሆን የሰሜን አሜሪካው እስላማዊ ማኅበር 15 ዲግሪ ይጠቀማል። እንደኛ አገር ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነ ቦታ አንድ ዲግሪ 4 ደቂቃ ያህል ነው። የሦስት ዲግሪ ልዩነት ታዲያ ወደ 12 ደቂቃ ይመጣል።

ላይብረሪው ማዕዘኑን ካልነገርነው በራሱ አንዱን ይይዛል። ይህ ነባሪ ይባላል። እኛ ማዕዘን ጽፈን አናውቅም ነበር፤ ነባሪው 18 ስለነበረ ሰሌዳችን ለረጅም ጊዜ ትክክል ሆኖ ቆየ። ከረመዷን በፊት ፕሮግራሙን ወደ ሌላ ላፕቶፕ ስናዛውር ግን የላይብረሪው አዲስ ቨርዥን ወረደ፤ በአዲሱ ደግሞ ነባሪው 15 ሆኗል።

የሚያሳፍረን ክፍል ይሄኛው ነው፤ ላይብረሪው አስቀድሞ ነግሮን ነበር። ፕሮግራሙ በሠራ ቁጥር፣ ለወራት፣ ይህን የመሰለ አንድ መስመር በእንግሊዝኛ ይጽፍ ነበር፦

«ማስጠንቀቂያ፦ ነባሪው ዘዴ በወደፊት ቨርዥኖች ሊለወጥ ይችላል።»

ፕሮግራሙ በየሳምንቱ ሐሙስ ሌሊት በራሱ ስለሚሠራ ይህ መስመር የሚገባው ማንም ከፍቶ የማያየው ፋይል ውስጥ ነበር። በእጃችን ስናስነሳውም ከሠላሳ መስመሮች መካከል አንዱ ነው። አንዳንዶቻችን አይተነዋል። «ዘዴ» ምን እንደሆነ፣ «ወደፊት» መቼ እንደሆነ፣ እኛን ይመልከተን አይመልከተን ስላልገባን አልፈነዋል።

ጥፋቱ የእኛ ነው። ሰሌዳውን አምነው የሚጾሙ ሰዎች አሉና ሥራው አማና ነበር። ነገር ግን ጥፋተኛው ታወቀ ብሎ ማቆም ትምህርት አይሆንም። ያ መስመር በሌላ መንገድ ቢጻፍ ኖሮ እንነቃ ነበር ወይ? ለዚህ መልስ ስንፈልግ፣ በእኛ ላይ የደረሰው በዓለም ላይ በጣም በትልቁ የደረሰ ጉዳይ እንደሆነ አገኘን።

አራት ዓመት የተነገረ፣ ግን ያልተሰማ

የፓይተን ፓኬጆችን ለመገንባት ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ሴትአፕቱልስ የሚባል መሣሪያ አለ። የፓኬጁ ባለቤት የፓኬጁን ስም፣ መግለጫና ሌላውን መረጃ በአንድ የማዋቀሪያ ፋይል ላይ ይጽፋል፤ ሴትአፕቱልስ ያንን አንብቦ ይገነባል። በዚያ ፋይል ላይ ሁለት ቃል ያለው መጠሪያ በመካከለኛ ሰረዝ (-) ወይም በታች ሰረዝ (_) ሊያያዝ ይችል ነበር፤ መሣሪያው ሁለቱንም ይቀበላል። ከእ.ኤ.አ. 2021 ጀምሮ ግን በመካከለኛ ሰረዝ የሚጽፉትን ማስጠንቀቅ ጀመረ። መልእክቱ ይህ አጻጻፍ በወደፊት ቨርዥኖች እንደማይደገፍና በምትኩ የታች ሰረዝ መጠቀም እንደሚገባ የሚገልጽ ነበር። በኋላም አዘጋጆቹ ማስጠንቀቂያዎቻቸውን አሻሽለው በኮከብ ምልክት መስመሮች አጠሯቸው፤ ለዚህኛውም የመጨረሻ ቀን ቆረጡለት።

እንደ አነጋገር ብናየው ጥሩ መልእክት ነው። ምን እንደተለወጠ ይናገራል፣ በምትኩ ምን እንደሚጻፍ ይናገራል፣ በኋላም ቀን አለው።

መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ማርች 24 ቀን 2025፣ የሴትአፕቱልስ 78ኛው ዋና ቨርዥን ወጣ፤ ማስጠንቀቂያውም ወደ ስህተት ተለወጠ። ወዲያው ለዓመታት ማንም ያልነካቸው ብዙ ፓኬጆች አንጫን አሉ። የትናንቱ ፕሮግራም ዛሬ አልገነባ አለ። አዘጋጆቹ ሳይውሉ ሳያድሩ ለውጡን መለሱት፤ ቀነ ገደቡንም ወደ 2026 አሻገሩት።

አራት ዓመት የተነገረ ነገር እንዴት ዱብ ዕዳ ይሆናል? ምክንያቱ በሦስት ነጥብ ይጠቃለላል።

አንደኛ፣ ፓኬጅ የሚጭንልን ፒፕ የተባለው መሣሪያ ግንባታው ከተሳካ በግንባታው ጊዜ የተጻፈውን ሁሉ ይደብቃል። የሚያሳየው ግንባታው ሲከሽፍ ወይም ተጠቃሚው «ሁሉንም አሳየኝ» ብሎ ሲያዝ ብቻ ነው። ማስጠንቀቂያ ደግሞ በባሕርይው ግንባታውን አያከሽፍም። ስለዚህ ተጽፏል፣ ግን ከመጋረጃ ጀርባ ነው የተጻፈው።

ሁለተኛ፣ መጋረጃውን ገልጦ ያየው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የፓኬጁ ባለቤት አይደለም፤ ፓኬጁን የሚጭን ሰው ነው። «ይህን ሰረዝ ቀይር» ቢባል የሰው ፋይል ነውና አይቀይረውም። ፋይሉን መቀየር የሚችለው ባለቤት ደግሞ ሥራውን ጨርሶ ከለቀቀ ዓመታት ስላለፉት ምንም እየገነባ አይደለም፤ መልእክቱ በየት በኩል ይድረሰው?

ሦስተኛ፣ ፒፕ እያንዳንዱን ፓኬጅ የሚገነባው ለብቻው በተከለለ ንጹሕ ቦታ ነው። ባለቤቱ ሌላ ቁጥር ካልወሰነ በቀር እዚያ ቦታ ላይ የሚያመጣው ሴትአፕቱልስ አዲሱን ነው። በዚህም ምክንያት አሮጌ ፓኬጅ ሳይነካ በተቀመጠበት አዲስ ሕግ ደረሰበት። አስቀድመው ተገንብተው በተዘጋጀ መልክ የሚወርዱት ፓኬጆች ግን መገንባት ስለማያስፈልጋቸው አልተነኩም።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት አንድ ነው። ማስጠንቀቂያ ግልጽ የሚሆነው ዓረፍተ ነገሩ ስላማረ ብቻ አይደለም። ነገሩን ማስተካከል ለሚችለው ሰው፣ ማስተካከል በሚችልበት ጊዜ ሲደርሰው ነው።

ለማን ነው የምንናገረው?

ይህን ጥያቄ የፓይተን ቋንቋ አዘጋጆች ራሳቸው ሁለት ጊዜ መልሰውታል። «ይህ ነገር ሊወገድ ነው» የሚለው የማስጠንቀቂያ ዓይነት ቀድሞ ለሁሉም ይታይ ነበር። ችግሩ ፕሮግራሙን የጻፈው ሳይሆን የሚጠቀምበት ሰው ያየዋል፤ ይደናገጣል፣ ምንም ግን ማድረግ አይችልም። ስለዚህ በ2010 ከወጣው 2.7 እና በ2011 ከወጣው 3.2 ጀምሮ ተደበቀ። አሁን ደግሞ ጸሐፊዎቹም ሳያዩት መቅረት ጀመሩ። በ2018 በወጣው 3.7 መካከለኛ መንገድ ተያዘ፤ ሰውየው በቀጥታ በሚያስነሳው በራሱ ፋይል ውስጥ ከሆነ ይታየዋል፣ ከሰው ላይብረሪ ውስጥ ከሆነ ይደበቃል። ለተራ ተጠቃሚ የሚነገር ለውጥ ደግሞ የራሱ ሌላ ዓይነት አለው፤ እርሱ ሁልጊዜ ይታያል። እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያዎቹ የተለዩት በክብደታቸው ሳይሆን በአድማጫቸው መሆኑን ልብ በሉ።

አድማጭ ሲሳሳት ምን እንደሚሆን በጃቫስክሪፕት የሠራችሁ ታውቁታላችሁ። ኤንፒኤም አንድ ነገር ሲጭን ኢንፍላይት ስለተባለች ትንሽ ፓኬጅ ደጋግሞ ያስጠነቅቃል፤ ድጋፍ እንደሌላት፣ ሜሞሪ እንደምታፈስ፣ መጠቀም እንደማይገባና በምትኩ የትኛው ፓኬጅ እንደሚሻል ይዘረዝራል። ከዚህ በላይ ግልጽ ሊሆን አይችልም። ነገር ግን አብዛኞቻችን ኢንፍላይትን ጠርተናት አናውቅም። የጠራነው ሌላ ፓኬጅ ነው፤ እርሱ ሌላ ጠራ፣ ያኛው ደግሞ እርሷን ጠራ። መልእክቱ «ያመጣው እገሌ ነው፤ እርሱን አድስ» ቢለን ኖሮ አንድ ነገር እናደርግ ነበር። «እርሷን አትጠቀም» ሲለን ግን ከማለፍ በቀር ምርጫ የለንም። ዛሬ አንዱን ማለፍ የለመደ ዓይን ነገ ሁሉንም ያልፋል። ሁልጊዜ «ጅብ መጣ» የሚለው እረኛ እውነተኛው ጅብ የመጣ ቀን ማን ደረሰለት?

ጥሩ ምሳሌም አለ። ደቢያን 12 ወይም አዲስ ኡቡንቱ ላይ በፒፕ ፓኬጅ ልትጭኑ ስትሞክሩ «ይህን ፓይተን የሚያስተዳድረው ሌላ አካል ነው» ብሎ ያቆማችኋል። ብዙዎቻችን መጀመሪያ ተናደናል። መልእክቱን እስከ መጨረሻው ላነበበው ግን መንገዱ ተቀምጦለታል፤ ፓኬጁ በስርዓቱ ውስጥ ካለ በአፕት ጫን፣ ከሌለ ለብቻው የተከለለ ቦታ ፍጠር ይለዋል፤ መፍጠሪያውን ትእዛዝም ይሰጠዋል። ልጫን ብሎ ለሚደርቅ ሰው ደግሞ የማለፊያ ትእዛዝ አለ፤ የትእዛዙ ስም ራሱ ግን «የስርዓቱን ፓኬጆች ስበር» ማለት ነው። አደጋው በስሙ ላይ ስለተጻፈ ሳያውቅ የሚያልፍ የለም። ከሰው ቀድተው ሳያነቡ የሚለጥፉት መኖራቸው እውነት ነው። ያም ሆኖ «አልተነገረኝም» የሚል አይኖርም።

ቁርኣን ቤት የተማርነው

ይህን ስንወያይ አንዱ ወንድማችን ሙስሐፉን ከፈተና «ይህን እኮ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን» አለ። የሚያሳየን የወቅፍ ምልክቶችን ነበር።

በአንቀጾቹ ላይ ከፍ ብለው የተቀመጡትን ትንንሽ ፊደላት ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ሚም ካለ መቆም ግድ ነው። ላ ካለ እዚህ አትቁም ነው። ጂም ካለ መቆምም መቀጠልም ይቻላል። ሰሌ ካለ መቀጠሉ ይሻላል፤ ቀሌ ካለ መቆሙ ይሻላል። ሁለት ቦታ ላይ ሦስት ሦስት ነጥብ ካለ ከሁለቱ በአንዱ ከቆምክ በሌላው አትቆምም። እነዚህን ምልክቶች በሥርዓት በማደራጀት ስማቸው የሚነሳው በሂጅራ 6ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩት ኢማም ሰጃወንዲ ናቸው። በኋላ የመጡ ዑለሞችም አሻሽለዋቸው አሁን ባሉበት መልክ ታትመዋል።

እንደ ማስጠንቀቂያ እንያቸው። መጀመሪያ ነገር፣ ቦታቸው ትክክል ነው፤ ቀሪው ሊሳሳት የሚችልበት ቃል ላይ ናቸው እንጂ በመቅድሙ ላይ አይደሉም። ቀጥሎ፣ ደረጃ አላቸው፤ ግዴታው፣ ክልከላው፣ የሚሻለውና ምርጫው አልተቀላቀሉም። አድማጫቸውም ይታወቃል፤ የሚናገሩት አሁን እያነበበ ላለው ሰው ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንዳቸውም «ተጠንቀቅ» ብለው ዝም አይሉም፤ ምን እንደሚያደርግ ነው የሚነግሩት። ትርጉማቸውን የረሳም በሙስሐፉ መጨረሻ ገጾች ላይ ያገኘዋል፤ ሌላ ቦታ መሄድ አያስፈልገውም።

ቁርኣን ስለ ነቢያት ሲናገር «አስጠንቃቂ» በሚለው ቃል ላይ «ግልጽ» የሚለውን ደጋግሞ ማስከተሉንም ልብ ይሏል። ማስጠንቀቅና ግልጽ ማድረግ አብረው የሚሄዱ ናቸው። ሰሚው ያልገባው ነገር ደርሶታል ማለት ይከብዳል።

ነገሩ ሲከብድ

ከእንጦጦ አናት ሆኖ ቁልቁል ወደ ቦሌ የሚወርዱ አውሮፕላኖችን ማየት የብዙዎቻችን ልማድ ነው። እሑድ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ተነስቶ ቢሾፍቱ አቅራቢያ የወደቀውን የበረራ ቁጥር 302 ግን ማንም አይረሳውም። 157 ሰዎች አልፈዋል።

የአደጋው ምክንያት ሰፊ ነው፤ የአፍንጫውን አቅጣጫ የሚለካው መሣሪያ የተሳሳተ መረጃ መስጠቱና ያንን መረጃ ተቀብሎ አፍንጫውን ቁልቁል የሚገፋው ሶፍትዌር ዋናዎቹ ናቸው። ከዚህ ጋር አብሮ የወጣ አንድ ነገር ግን የእኛን ጉዳይ በቀጥታ ይነካል። በአውሮፕላኑ ላይ እንዲህ ያሉ መለኪያዎች ሁለት ናቸው። ሁለቱ ካልተስማሙ ለአብራሪው የሚያሳውቅ ማስጠንቀቂያ በሁሉም የማክስ አውሮፕላኖች ላይ እንደሚሠራ ይታሰብ ነበር። ቦይንግ በ2019 እንደገለጸው ግን ሶፍትዌሩ ማስጠንቀቂያውን ለብቻው በአማራጭ ከሚገዛ ሌላ ማሳያ ጋር አስሮት ነበር። ማሳያውን ባልገዙት ዘንድ ማስጠንቀቂያው አይሠራም። የኩባንያው መሐንዲሶች ይህንን ያወቁት በ2017 ነው፤ አየር መንገዶቹ ግን በጊዜው አልተነገራቸውም።

ማስጠንቀቂያው ቢሠራ ኖሮ እነዚያ ነፍሶች ይተርፉ ነበር ማለታችን አይደለም፤ ያን የሚል እውቀት የለንም። የምንለው ይህን ነው፤ ማስጠንቀቂያ ከምን ጋር ታስሮ እንደሚሄድ፣ ለማን እንደሚደርስና ለማን እንደማይደርስ መወሰን የምህንድስና ሥራ ነው። የጌጥ ጉዳይ ተደርጎ ለመጨረሻ ቀን የሚተው አይደለም።

የቋንቋው ነገር

ሌላው እኛን የሚለየን ቋንቋ ነው። ፒፕም ኤንፒኤምም በአማርኛ አይናገሩም። ኢትዮጵያዊ ተማሪ ማስጠንቀቂያውን የሚያነበው በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋው ነው። «ዴፕሪኬትድ» የሚለውን ቃል ስንት የጊቢያችን ልጅ በትክክል ያውቀዋል? አንዱ «ተበላሽቷል» ይለዋል፣ ሌላው «ዋጋው ወርዷል» ይለዋል። ትርጉሙ «አሁን ይሠራል፤ ግን ሊወገድ ስለተወሰነ ከአሁኑ ተወው» ነው። ይህንን በተራ ቃል መጻፍ ይቻል ነበር።

የኢንተርኔቱም ነገር አለ። ብዙ መልእክት «ለዝርዝሩ ይህን አድራሻ ተመልከት» ብሎ ያበቃል። የሞባይል ዳታው ያለቀበት ወይም ኔትወርክ የጠፋበት ሰው እዚያ ላይ ይቆማል። ረስት የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ እዚህ ላይ የሚያስመሰግን ነገር አድርጓል። ለስህተቶቹ ቋሚ ቁጥር ይሰጣል፤ ያንን ቁጥር ይዞ ለኮምፓይለሩ «አብራራልኝ» ሲሉት ማብራሪያውን ከነምሳሌው ከዚያው ከኮምፒውተሩ ያወጣል። ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ቁጥሩ ሌላም ጥቅም አለው፤ በየትኛውም ቋንቋ ጓደኛን ለመጠየቅ ይመቻል።

እኛ ምን አደረግን?

አሁን ሰሌዳውን የሚያወጣው ፕሮግራማችን ራሱ ፓኬጅ ሆኗል፤ የሌሎች ጊቢ ጀመዓዎችም ወስደው ይጠቀሙበታል፣ አልሐምዱሊላህ። ስለዚህ ከተነጋሪነት ወደ ተናጋሪነት ተሸጋግረናል። ማስጠንቀቂያዎቻችንን ቁጭ ብለን እንደገና ጻፍናቸው። እኛን ያሳሳተንን መልእክት የሚተካው አሁን ይህን ይመስላል፦

«ማስጠንቀቂያ 4፦ ፈጅር የሚሰላበትን ማዕዘን አልጻፋችሁም። ለጊዜው 18 ዲግሪ ይዘናል። ከቨርዥን 3 ጀምሮ ማዕዘን ካልተጻፈ ፕሮግራሙ ይቆማል። ማስተካከያ፦ በእናንተ ፋይል 12ኛ መስመር ላይ ‹ማዕዘን = 18› ብላችሁ ጨምሩ፤ የትኛውን ማዕዘን መያዝ እንዳለባችሁ ኡስታዛችሁን ጠይቁ። ካልተስተካከለ ሱሑር የሚያበቃበት ሰዓት ሊሳሳት ይችላል።»

ይህን ስንጽፍ የተከተልናቸውን ነጥቦች፣ ፓኬጅ ለምትሠሩም ለምትጠቀሙም ይረዱ ይሆናል ብለን እነሆ አስቀምጠናል።

1. ምን እንደሆነ፣ ምን እንደሚያስከትል፣ ምን እንደሚደረግ እና እስከ መቼ እንደሆነ ይነገር። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ሰሚው ያልፈዋል። «ወደፊት» ቀን አይደለም።

2. መልእክቱ የሰሚውን ፋይልና መስመር ያመልክት። በፓይተን ማስጠንቀቂያ ሲጻፍ «ስታክሌቭል» የሚባል ቁጥር አለ። ካልነካነው የሚጠቁመው የእኛን ላይብረሪ ውስጥ ነው፤ 2 ስናደርገው ግን ላይብረሪያችንን በጠራው ሰው ፋይል ላይ ያለውን መስመር ይጠቁማል። አንዲት ቁጥር ናት፤ «ለማን» የሚለውን የምትመልሰው ግን እርሷ ናት።

3. መመሪያው ተቀድቶ የሚለጠፍ ይሁን። በቋንቋው ያልተካነ ሰው ትእዛዙን ራሱ ቢያገኝ ይበቃዋል።

4. ማስጠንቀቂያ ይነስ። ሰሚው ምንም ሊያደርግበት የማይችለውን ነገር ለሰሚው መንገር ድካም ብቻ ነው። ለባለቤቱ በቀጥታ ይጻፍለት።

5. ውጤቱ ከባድ የሆነ ነባሪ በዝምታ አይለወጥ። የሰው ጾም፣ መድኃኒት ወይም ገንዘብ የሚነካ ከሆነ አሳስቶ ከመቀጠል ስህተት ብሎ መቆም ይሻላል። የቆመ ፕሮግራም ሰው ይጠይቃል፤ የተሳሳተ ፕሮግራም ግን ማንም ሳይጠይቀው ይቀጥላል።

6. ተጠቃሚዎች ደግሞ የምንጠቀምበትን ቨርዥን በቁጥር እንወስን፤ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ማስጠንቀቂያን ሁሉ እንደ ስህተት እንዲቆጥር አዝዘን ፕሮግራማችንን እንፈትነው። ፓይተን ይህን የሚያደርግ ትእዛዝ አለው። ያኔ የተደበቀው ሁሉ ይወጣል።

በመጨረሻም

ያን ዕለት እህታችን መልእክቱን እንደላከች ሰሌዳውን አስተካክለን፣ ስህተቱ የእኛ መሆኑን ገልጸን ለሁሉም ላክን። ሦስቱን ቀን በሰሌዳው የጾሙትን በተመለከተ ጉዳዩን ለኡስታዛችን አቀረብን፤ እርሳቸውም ጠርተው አነጋገሯቸው። የፊቅሁ መልስ የእርሳቸው ነውና እዚህ አንገባበትም።

አንድ ነገር ግን ሳንጠቅስ አናልፍም። የእህታችን መልእክት ሁለት ዓረፍተ ነገር ነበር። ምን እንደተሳሳተ ይናገራል፤ በስንት ደቂቃ እንደሆነ ይናገራል፤ ከምን ጋር እንዳነጻጸረችው ይናገራል፤ ምን ውሳኔ እንደሚያስፈልግ ይጠይቃል። የተላከውም ማስተካከል ለሚችለው ሰው ነው። ኮምፒውተሩ ለወራት ሊያስረዳን ያልቻለውን እርሷ በአንድ መልእክት አስረዳችን። ነሲሓ ማለት ይሄ ነው። ለምንጽፈው ሶፍትዌርም ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም።

በሰሌዳው ላይ ስህተት ያየ፣ በማስጠንቀቂያዎቻችን ውስጥ ያልገባው ቃል ያገኘ ሁሉ ይንገረን። አላህ ሥራችንን ኢኽላስ ያለው ያድርግልን፣ ስህተታችንንም ይቅር ይበለን።

ወላሁ አዕለም።